የአገልግሎት ስምና የአገልጋይ በር፦ ስለ አንድ የመረብ ምዝግብ ታሪክና ስለ አማርኛ ስያሜዎቹ

ሰኞ ማለዳ በሚሌ በኩል ግመል እየነዳ ወደ ባቲ የሚወጣ ነጋዴ «ባቲ በየት በኩል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አያጣም። ይሁን እንጂ ከተማይቱ መድረሱ ብቻ ጉዳዩን አይፈጽምለትም። በሰኞው ገበያ የግመሉ ስፍራ ሌላ ነው፤ የፍየሉ ሌላ፤ የእህሉም ሌላ። ስለዚህ የነጋዴው ጥያቄ ሲተነተን ሦስት ጥያቄ ይወጣዋል። የምሻው ነገር ምንድን ነው? ያንን ነገር የያዘው ማን ነው፣ የትስ ይገኛል? ወደ እርሱ የምገባው በየትኛው በር ነው? የአገሬው ሰው ሦስቱን ጠቅልሎ «ግመል የሚሸጠው የት ጋ ነው?» ይላል፤ መላሹም ሦስቱን ጠቅልሎ በእጁ ያመለክታል።

ኮምፒዩተር በእጅ ማመልከት ስለማይሆንለት ሦስቱን ለያይቶ መጠየቅና ለያይቶ መመለስ ግድ ሆኖበታል። ይህ ጥያቄና መልስ የሚከናወንበት አንድ አነስተኛ ምዝግብ አለ፤ በባለሙያዎች ዘንድ «ኤስአርቪ» እየተባለ ይጠራል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ከቢሮ ሥራ ይልቅ ወጣቶች በመረብ ተገናኝተው ከሚጫወቱት ጨዋታ፣ በተለይም «ማይንክራፍት» ከሚባለው ነው። ጨዋታ ነው ተብሎ የሚናቅ ጉዳይ አይደለም። አንድ የከሚሴ ወጣት ጓደኞቹ የሚጫወቱበትን አገልጋይ ለማቆም ሲደክም ከሚገጥሙት እክሎች ከፊሎቹ የሽቦና የማዕበል ሳይሆኑ የቃል እክሎች ናቸው፤ ቃሉን የሰጠነው ደግሞ እኛ ነን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምዝግቡን ታሪክ በአጭሩ ማውሳት፣ ከዚያም ከአማርኛ ስያሜዎቹ መካከል የትኞቹ ሥራውን እንደሚያቃኑ፣ የትኞቹም እንደሚያጣምሙ ማመልከት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ነጠላ ዝርዝር ነው። ለዛሬው በይነ መረብ መነሻ የሆነው አርፓኔት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎችንና የምርምር ጣቢያዎችን ሲያገናኝ፣ የእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ስምና የቁጥር አድራሻው በአንድ ሰነድ ሰፍሮ በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ ባለው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር። ሰነዱን የሚጠብቀው ኤሊዛቤት ፋይንለር ይመሩት የነበረው ክፍል ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ያቆመ ሁሉ ለዚያ ክፍል ያስታውቃል፤ የቀረው ሁሉ ሰነዱን በየጊዜው ወደ ራሱ ይገለብጣል። አሠራሩ ቀድሞ በትንሽ ከተማ ስልክ ቤት የነበረውን ያስታውሳል። ደዋዩ ቁጥር ሳይሆን ስም ይናገራል፤ በማዞሪያው ላይ የተቀመጠው ሠራተኛም ከተማውን በሙሉ ስለሚያውቅ ያገናኘዋል። ከተማው ሲሰፋ ግን የአንድ ሰው ዕውቀት አይበቃም። መረቡም ሲሰፋ ዝርዝሩ አልበቃ አለ፤ ስሞች ይጋጩ፣ የተገለበጠው ሰነድም ሳይታደስ ያረጅ ጀመር።

በ1976 ዓ.ም. (በ1983 እ.ኤ.አ. መገባደጃ) በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ፖል ሞካፔትሪስ አዲሱን የስም ሥርዓት የሚገልጹ ሁለት ሰነዶች አወጡ። የሐሳቡ ፍሬ ኃላፊነትን ማከፋፈል ነው። ዝርዝሩ ከእንግዲህ በአንድ ቤት አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ስም ጠባቂ ከሥሩ ስላሉት ስሞች ብቻ ይመልሳል፤ ስለ ሌላው ሲጠየቅ ወደሚያውቀው ይመራል። አንድ ሰው ከሚሴ ውስጥ ያለ ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ ዞኑን፣ ቀጥሎ ከተማውን፣ ከዚያም ቀበሌውን ጠይቆ እንደሚደርስ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ለቋንቋ አጥኚ የሚጠቅም አንድ ነገር እናንሣ። በዚህ ሥርዓት ስም የሚጻፈው ከትንሹ ወደ ትልቁ ነው፤ መጀመሪያ የቤቱ፣ በነጥብ ተለይቶ የከተማው፣ መጨረሻ ላይ የአገሩ ስም ይመጣል። አማርኛ በተፈጥሮው ከዚህ የተገለበጠ ነው። «የወሎ የከሚሴ ገበያ» ስንል ሰፊው ይቀድማል፣ ባለቤቱ ስም ይከተላል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ የመረብ ስም ሲያነብ ልማዱን መገልበጥ አለበት። ኦሮምኛ ግን አያስገለብጥም። በከሚሴ ኦሮምኛ ተናጋሪ ዘንድ የከሚሴ ገበያ «ገባ ከሚሴ» ነው፤ ገበያው ይቀድማል፣ ከተማው ይከተላል። በመሃሉ ነጥብ ቢገባበት የመረብ ስም ሆኖ ያርፋል። በሁለቱ ቋንቋዎች በሚነጋገር ዞን የሚያስተምር መምህር በዚህ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ተማሪው ሌላኛውን ቋንቋውን አስታውሶ በቀላሉ ይገባዋልና።

የ1976ቱ ሥርዓት በመጀመሪያ መልኩ አንድ ጉድለት ነበረው። ስም ሲሰጡት አድራሻ ይመልሳል፤ «በዚያ ስም ሥር እንዲህ ያለውን አገልግሎት የሚሰጠው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ለሁሉም የሚሆን መልስ አልነበረውም። አስቀድሞ መፍትሔ ያገኘው ፖስታ ነው። በ1978 ዓ.ም. (በጥር 1986 እ.ኤ.አ.) ክሬግ ፓርትሪጅ ያወጡት ሰነድ ለአንድ ስም የሚላኩ ደብዳቤዎችን የትኛው ኮምፒዩተር እንደሚቀበል የሚናገረው ልዩ ምዝግብ እንዴት እንደሚሠራበት ደነገገ። ሌሎቹ አገልግሎቶች ዐሥር ዓመት ጠበቁ። አርንት ጉልብራንድሰንና ፖል ቪክሲ ለማናቸውም አገልግሎት የሚሆን ምዝግብ በጥቅምት 1996 እ.ኤ.አ. ለሙከራ አቀረቡ፤ ሌቮን ኤሲቦቭ ተጨምረውበትም በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. (በ1992 ዓ.ም.) የታረመው ወጣ። ከሁለተኛው እርማቶች አንዱ ትንሽ ቢመስልም እስከ ዛሬ የሰው ራስ ያዞራል። በአገልግሎቱና በመጓጓዣው ስም ፊት የግርጌ ሰረዝ እንዲደረግ አዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በተራ የኮምፒዩተር ስም ውስጥ የግርጌ ሰረዝ ስለማይገባ የአገልግሎቱ ስም ከማንም ስም ጋር አይጋጭም።

የመጀመሪያው ሰነድ የወጣበት ጥቅምት በእኛ አቆጣጠር 1989 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ ለእኛም የሚታወስ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ ከፈተ፤ የአገራችን የመረብ ስም «ኢቲ» ከዚያ ቀደም ብሎ በ1988 ዓ.ም. ተሰጥቶ ነበር። የቋንቋዎች አካዳሚ ለብዙ ዓመታት የደከመበት የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም በዚያው በ1989 ዓ.ም. ታትሟል። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ቢገጣጠሙም ተያይተው አልተዋወቁም። መዝገበ ቃላቱ የፊዚክሱን፣ የኬሚስትሪውን፣ የሕክምናውን ቃል አደራጅቶ ለማተሚያ ቤት ሲደርስ የመረቡ ቃላት ገና ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ስለዚህ እነዚህን ቃላት የተረጎማቸው ሸንጎ ተቀምጦ የመከረ ጉባኤ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሲመጣ በየቤቱ ተቀምጦ ሐረግ በሐረግ የተረጎመ ሰው ነው። ሐረጉ ከየት እንደተቆረጠ ሳያይ ስለሚተረጉም ስሕተቱን እርሱ ላይ ብቻ መጫን አይገባም።

ወደ ቃላቱ እንግባ። አስቀድሞ «ጎራ»። የመረብ ስም የሚያድርበትን ግዛት ለመጥራት በየሶፍትዌሩ የተለመደው ይህ ቃል ነው። ጎራ ከፍ ያለ ቦታ፣ ደግሞም ወገን ማለት ነው፤ «ጎራ ለየ» ሲባል ተጣልቶ ወግኗል ማለት ነው። እኔ ብሆን «ግዛት» በመረጥሁ ነበር። ነገር ግን ቃሉ ሰፍቷል፣ የሚያሳስተውም ሥራ የለም፤ ስለዚህ ይቆይ።

«አድራሻ» ለምስጋና የሚበቃ ቃል ነው። ከ«ደረሰ» ወገን ስለሆነ ሥራውን በራሱ ይናገራል፤ ከባዕዱ ቃል ጋር በድምፅ መቀራረቡም አልጎዳውም። ከዚሁ ሥር «መድረሻ» የሚለው አለን፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

«አገልግሎት»ና «አገልጋይ» ላይ ግን መቆየት ይገባል። ሁለቱም ከ«አገለገለ» የወጡ ናቸው። «ከፈለ» ብሎ «ከፋይ»፣ «ገደለ» ብሎ «ገዳይ» እንደሚል ሁሉ «አገለገለ»ም በባለቤት ስሙ መጨረሻውን ላ ወደ ያ ለውጦ «አገልጋይ» ይሆናል። በአማርኛ ልዩነቱ ለጆሮም ለዓይንም ግልጽ ነው፤ አንዱ ሥራው፣ ሌላው ሠሪው። ይህን የመሰለ ጥሩ መለያ እያለን ብዙ ተርጓሚ «ኤስአርቪ»ን «የአገልጋይ ምዝግብ» ብሎታል። ፊደሎቹ የተወሰዱት ግን በእንግሊዝኛ አገልግሎት ከሚለው ቃል እንጂ አገልጋይ ከሚለው አይደለም። ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን ነበር። የምዝግቡ ምሥጢር ሁሉ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠየቀው አገልግሎቱ ነው፣ በመልስነት የሚመጣው አገልጋዩ ነው። «የአገልጋይ ምዝግብ» ብሎ የተማረ ወጣት በጥያቄው ቦታ የኮምፒዩተሩን ስም ይጽፋል፤ ምዝግቡም አይሠራለትም። «የአገልግሎት ምዝግብ» ቢባል ኖሮ ቃሉ ራሱ እጁን ይይዘው ነበር።

በኦሮምኛ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። አገልግሎት «ተጃጂለ»፣ አገልጋይ «ተጃጂላ» ነው፤ ልዩነቱ የመጨረሻው አናባቢ ማጠሩና መርዘሙ ብቻ ነው። የአናባቢ ርዝመት ትርጉም በማይለውጥበት በአማርኛ ያደገ ጆሮ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። በላቲኑ በቁቤ አጻጻፍ አናባቢው አንዴ ወይም ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ዓይን ይለየዋል፤ በእኛ ፊደል ሁለቱም በራብዕ ከተጻፉ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። የዞኑ ትምህርት ቤቶች በቁቤ ያስተምራሉ፤ በፊደል የሚጻፍም ጽሑፍ ግን አለ። ስለዚህ ለከሚሴና ለባቲ የሚሆን የሁለት ቋንቋ የቃላት ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው «ተጃጂለ»ን በግዕዝ፣ «ተጃጂላ»ን በራብዕ ለይቶ መጻፍ አለበት፤ ባይሆን የሴቴ ጾታውን «ተጃጂልቱ» ለአገልጋይ ቢመርጥ ከሁሉ ይሻላል፤ ይህኛው ከአገልግሎት ጋር አይምታታምና።

ቀጥሎ ያለው «ወደብ» ነው። አንድ ኮምፒዩተር ብዙ አገልግሎት በአንድ አድራሻ ሲሰጥ አንዱን ከሌላው የሚለየው ከ0 እስከ 65,535 ባለው ቁጥር ነው፤ ማይንክራፍት ካልተነገረው በቀር 25,565ን ይይዛል። ይህን ቁጥር «የወደብ ቁጥር» የምንለው ቃሉ በእንግሊዝኛ ከመርከብ ማረፊያ ጋር በአንድ ፊደል ስለሚጻፍ ብቻ ነው። የላቲኑን ሥር የተመለከተ ሰው ግን «ፖርቱስ» ወደብ፣ «ፖርታ» በር እንደሆነ ያውቃል፤ በኤሌክትሪክና በኮምፒዩተር ሙያ የገባው ፍቺ የመግቢያው፣ የበሩ ነው። ለባቲ ሰው ወደብ ማለት ኮምቦልቻን ከአሰብ ሲያገናኝ በኖረው፣ በከተማው አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ጫፍ ያለ፣ መርከብ የሚቆምበት ስፍራ ነው፤ እሩቅ ነው፣ ዛሬም የእኛ አይደለም። በር ግን ቅርብ ነው። በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይንኳኳል፣ ተራ ቁጥርም ይጻፍበታል። አገልጋዩ የማያዳምጥበት ቁጥር ላይ የደረሰ ጥያቄ «እምቢ ተባለ» ሲባል ሐሳቡ በ«በር» ወዲያው ይገባል፤ በ«ወደብ» ግን ማንም አይገባውም። ስለዚህ «በር» እንላለን፤ «ወደብ» ለመርከብ ይቅር።

የአገልግሎት ምዝግብ መልስ አራት ነገር ይይዛል። ሁለቱ ታውቀዋል፤ የአገልጋዩ ስምና የበሩ ቁጥር። የቀሩት ሁለቱ አገልጋዮች ከአንድ በላይ ሲሆኑ የሚያስፈልጉ ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው በብዙ ትርጉም «ቅድሚያ» ተብሏል። በአማርኛ «ቅድሚያው ከፍ ያለ» ስንል ቀድሞ የሚስተናገደው ማለታችን ስለሆነ፣ ቅድሚያ 10 ከቅድሚያ 0 የሚበልጥ ይመስላል። ምዝግቡ ግን ተቃራኒውን ይላል፤ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል። ጠንካራውን ኮምፒዩተር 10፣ ደካማውን 0 ብሎ የመዘገበ ሰው ሁሉንም ተጫዋች ወደ ደካማው ይሰድዳል፤ ጨዋታው ሲንቀራፈፍም መረቡን ይረግማል። «ተራ» ቢባል ስሕተቱ ሊፈጠር አይችልም፤ ተራ 1 ከተራ 2 በፊት መግባቱን ጤና ጣቢያ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ያውቃል። «ተራ» በገበያ የዕቃ ስፍራ ማለትም እንደሆነ አልዘነጋሁም፤ ዐውዱ ይለየዋል።

ሁለተኛውን ቁጥር «ክብደት» ይሉታል። የእንግሊዝኛው ቀጥተኛ ትርጉም ነው፣ ስሕተትም የለበትም፤ ግን ምንም አይናገርም። የቁጥሩ ሥራ ተራቸው እኩል የሆኑ አገልጋዮች እንግዳውን በምን መጠን እንደሚካፈሉ መንገር ነው። አንዱ 3፣ ሌላው 1 ከተባሉ ከአራት ጠያቂ ሦስቱ ያህል ወደ ፊተኛው ይሄዳሉ። ገበሬና ባለ ሞፈር እህል ሲካፈሉ የሚሉት «ድርሻ» ለዚህ የተሰፋ ልብስ ነው።

የአገልጋዩን ስም «ዒላማ» ያሉም አሉ። ዒላማ የሚተኮስበት ነው፤ «መድረሻ» ይሻላል። በዚህ ላይ ደንቡ የሚጠይቀውን አንድ ነገር ስያሜው ቢሸከም መልካም ነው። በመድረሻው ቦታ የሚጻፈው ስም እንጂ የቁጥር አድራሻ መሆን የለበትም፤ ያም ስም ራሱ አድራሻ ያለው እንጂ የሌላ ስም ቅጽል ሊሆን አይገባም። ስለዚህ «የመድረሻ ስም» ብሎ ሙሉውን መጥራት ነው። ለምንድን ነው ይህን ያህል የምናጠብቀው ቢሉ፣ በመድረሻው ቦታ ቁጥር መጻፍ ከሁሉ የበዛው ስሕተት ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ከሚሴው ወጣት እንመለስ። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በደሴ ጎዳና ላይ ባለችው ከተማ ተቀምጦ ከሰንበቴ፣ ከባቲና ከአዲስ አበባ ጓደኞቹ ጋር የሚጫወትበት አገልጋይ ተከራየ እንበል። አከራዩ አንዱን ኮምፒዩተር ለብዙዎች ስለሚያካፍል የተለመደው በር ተይዟል፤ ለእርሱ 25,570 ደርሶታል። ጓደኞቹ ቁጥሩን እንዳያጠኑ ብሎ «ጨፋ» በሚል ስም ሥር የአገልግሎት ምዝግብ ጻፈ። (ጨፋ በኦሮምኛ ረግረጋማ መስክ ማለት ነው፤ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሜዳ ስሙ ይኸው ነው።) ምዝግቡ በእኛ ፊደል ሲነበብ «_ማይንክራፍት._ቲሲፒ.ጨፋ.ኢቲ» ብሎ ይጠይቃል፤ ተራ 0፣ ድርሻ 5፣ በር 25,570፣ ከዚያም የመድረሻውን ስም ይመልሳል። ማታ ጓደኞቹ ሞከሩ። ሁሉም «አገልጋዩ አልተገኘም» የሚል አማርኛ በሰሌዳቸው ላይ ታያቸው።

በዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደብቀዋል። የእንግሊዝኛው መልእክት ይለያቸዋል። የመጀመሪያው ስሙ ከናካቴው አለመታወቁ ነው፤ ጠያቂው ገና ከደጁ አልወጣም። ሁለተኛው አድራሻው ታውቆ፣ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ተደርሶ፣ በሩ ላይ የሚቀበል መታጣቱ ነው፤ ይህ «እምቢ ተባለ» ነው። ሦስተኛው መልእክተኛው ሄዶ አለመመለሱ፣ ጊዜውም ማለፉ ነው። የመጀመሪያው የስም እክል ነው፤ ምዝግቡን ማረም ይሻል። ሁለተኛው የአገልጋዩ ወይም የበሩ ቁጥር እክል ነው። ሦስተኛው በአብዛኛው በመንገድ ላይ ያለ ዘብ ወይም የተቆረጠ መስመር ነው። ሦስቱን በአንድ «አልተገኘም» መተርጎም ሐኪም ራስ ምታትን፣ ሆድ ቁርጠትንና ትኩሳትን «ታሟል» ብሎ እንደ መመዝገብ ይቆጠራል። ስለዚህ «ስሙ አይታወቅም»፣ «በሩ ላይ ተቀባይ የለም»፣ «መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለፈ» ብሎ ለይቶ መተርጎም ግዴታችን ነው።

ወጣቱ መልእክቱን ትቶ ራሱን ምዝግቡን መጠየቅ ይችላል፤ «ኤን ኤስ ሉክአፕ» የሚባለው መጠየቂያ በዊንዶስ ላይ አለ፤ «ዲግ» የሚባለውም በሌሎቹ። የአገልግሎት ዓይነቱን ምዝግብ እንዲፈልግ ለይቶ ማዘዝ ግን ይገባል፤ ዝም ብሎ ስሙን ቢጠይቅ አድራሻ ብቻ ይመልስለታል፣ እርሱም ምዝግቡ የጠፋ ይመስለዋል። መልስ ካልመጣ የግርጌ ሰረዞቹን ይቁጠር፤ ሁለት ናቸው። መልሱ መጥቶ የመድረሻው ስም መጨረሻ ላይ «ጨፋ.ኢቲ» ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ከታየ ደግሞ በምዝግቡ ሰነድ ላይ የመጨረሻዋ ነጥብ ቀርታለች። ያለ ነጥብ የተጻፈን ስም ሥርዓቱ ያላለቀ ነው ብሎ የግዛቱን ስም ይቀጥልበታል። በአማርኛ አራት ነጥብ የጠፋበት ዐረፍተ ነገር ከሚቀጥለው ጋር እንደሚጣበቅ ያህል ነው።

ሁሉን አርሞ አሁንም «ስሙ አይታወቅም» ከተባለ፣ መታገሥ ነው። ስም ጠያቂዎች ያገኙትን መልስ ብቻ ሳይሆን «የለም» መባላቸውንም ለተወሰነ ጊዜ ያስታውሳሉ። ምዝግቡ ሳይጻፍ አስቀድሞ የሞከረ ጓደኛ ከተጻፈ በኋላም ለጥቂት ጊዜ «የለም» ይባላል፤ ትናንት ያልሞከረው ግን ዛሬ ወዲያው ይገባል። ይህን ያላወቀ ሰው የሠራውን መልሶ ያፈርሳል።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነገር አለ፤ ጓደኞቹ የሚጫወቱት በምን ነው? በስልክ የሚጫወቱበት የማይንክራፍት ዓይነት የአገልግሎት ምዝግብን ፈጽሞ አይጠይቅም፤ ስሙንና የበሩን ቁጥር በየብቻው ማስገባት ይፈልጋል፤ ከኮምፒዩተሩ ዓይነት አገልጋይ ጋርም በቀጥታ አይነጋገርም። በስልክ ብቻ ከመረብ ለሚገናኝ ሰው የተጣራ ምዝግብ መጻፍ ማንበብ ለማይችል ሰው ደብዳቤ መላክ ነው። ምዝግቡም በሩን ይናገራል እንጂ አይከፍትም። አገልጋዩን ቤቱ አቁሞ በሞባይል መስመር የሚያገናኝ ሰው ብዙ ጊዜ ለብቻው የሆነ የውጭ አድራሻ የለውም፤ ከብዙዎች ጋር አንዱን ይጋራል፤ ከውጭ የሚመጣ ጠያቂም ወደ እርሱ የሚገባበት መንገድ የለውም። ሌላም ጊዜ አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል በብዙ ስፍራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየው ያለ። ያኔ ምዝግቡ የትም ሆኖ ትክክል ነው፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

መጨረሻ የቀረው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። የስም ሥርዓቱ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ ከዚያ በቀር ግን አንዲት ፊደል አይምርም። ከሚሴን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች አልተስማሙም። ከመጀመሪያው ድምፅ ቀጥሎ አንዱ «ኢ»ን፣ ሌላው «ኤ»ን ያገባል፤ «ኤስ»ን አንዱ ነጠላ፣ ሌላው ድርብ ያደርጋል፤ መጨረሻው አንድ ፊደል፣ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ወይም እንደ ቁቤ ደንብ አንዱ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ይጻፋል። ለሰው አንባቢ ሁሉም ከሚሴ ናቸው፤ ለስም ጠባቂው ግን የማይተዋወቁ ከተሞች ናቸው።

በራሳችን ፊደል ብንጽፍስ? ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሠንጠረዥ ከገባና በ2003 እ.ኤ.አ. የላቲን ያልሆኑ ፊደላት በመረብ ስም የሚገቡበት ደንብ ከወጣ በኋላ መንገዱ ተከፍቷል፤ ስሙ ከበስተ ኋላ ወደ ላቲን ፊደል እየተለወጠ ይሄዳል እንጂ ለዓይን ፊደል ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ የሚነሣው የሞክሼ ሆሄያት ነገር ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ለዓመታት «ይቀነሱ፣ አይቀነሱ» ስንል የኖርንበት ክርክር በመረብ ላይ ሲደርስ የገንዘብና የማታለል ጉዳይ ይሆናል፤ አንዱ በ«ሰ» ያስመዘገበውን ስም ሌላው በ«ሠ» አስመዝግቦ እንግዳውን ሊወስድበት ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ለመረቡ ከፍተኛ ስሞች በወጣው የኢትዮጵያ ፊደል ደንብ ሞክሼዎች እንደ አንድ ስም ልዩ ልዩ መልክ እንዲቆጠሩ የተደረገው ለዚህ ነው። ይህ ደንብ ግን የሚገዛው ላይኛውን እርከን ብቻ ነው። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ስም ጠባቂ የራሱን ሥርዓት ያወጣል።

እስከዚያው የከሚሴው ወጣት ማድረግ የሚችለው ስሙን ሰዎች በሚጽፉባቸው መልኮች ሁሉ ማስመዝገብና በእያንዳንዱ ሥር የአገልግሎቱን ምዝግብ መድገም ነው። የመድረሻው ስም ለሁሉም አንድ ይሁን፤ በሩም አንድ። ስሙ በሦስት አጻጻፍ ከተመዘገበ ምዝግቡም ሦስት ነው፤ በአንዱ ሥር መጻፉን ከረሳ፣ በቁቤ አጻጻፍ የሚጽፈው የባቲው ጓደኛው ብቻውን «ስሙ አይታወቅም» ይባላል።